የልጄ ቀኝ እጅ አይነሳም፤ ወጌሻው ይቀጥል ወይስ ይቅር?

ደብዳቤው አጠር ተደርጎ ይህን ይላል፦

«የ27 ዓመት እናት ነኝ። የምኖረው ደብረ ታቦር አካባቢ ነው። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ 7 ሳምንት ሆነኝ። ጭንቅላቷ ከወጣ በኋላ ትከሻዋ አልወጣ ብሎ አዋላጆቹ በጣም ተጨነቁ። ጉልበቴን ወደ ሆዴ አጥፈው፣ አንዷ ከላይ ተጭና፣ በስንት መከራ ወጣች። ስትመዘን 4 ኪሎ ከ300 ነበረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀኝ እጇ አይነሳም። ከጎኗ ቀጥ ብሎ ይተኛል፤ መዳፏም ወደ ኋላ ዞሯል። ጣቴን ስሰጣት ግን ጥብቅ አድርጋ ትይዛለች። ጤና ጣቢያው ‹በራሱ ይሻላታል› ብሎ አሰናበተን። አማቴ ደግሞ ‹ወልቋል› ብለው ወጌሻ አመጡ። ሁለት ጊዜ አሻት። በሁለተኛው ቀን እጇን ሲስበው ያለቀሰችው ለቅሶ እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም። ጎረቤት ክንዷ ላይ የተወጋችው ክትባት ነው ይላል። እኔ ደግሞ በደንብ ስላላማጥኩ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። እጇ ይድናል? ወጌሻው ይቀጥል? ጥፋቱስ የማን ነው?»
ስሜ ይቆይ

ውድ እህቴ፣

እንኳን ማርያም ማረችሽ። ከጥያቄዎችሽ ውስጥ ጊዜ የማይሰጠውን ላስቀድም። ወጌሻው ዛሬውኑ ይቁም። ሰውየው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ወለምታና ውልቃት እየመለሰ የስንቱን ሰው ዕንባ ያበሰ ሊሆን ይችላል። የልጅሽ ችግር ግን፣ ከጻፍሽልኝ ሁሉ እንደማየው፣ የነርቭ ነው። ተወጥሮ የተጎዳ ነርቭ ደግሞ እንደገና ሲሳብ ይብስበታል።

ደብዳቤሽን ሳነብ ደስ ያለኝ «ጣቴን ስሰጣት ጥብቅ አድርጋ ትይዛለች» ያልሽው ነው። ሳታስቢው ለሐኪም የሚጠቅም ትልቅ ምርመራ አድርገሻል። ለምን እንደሆነ እንዲገባሽ፣ የእጅ ነርቮች ከየት ተነስተው ወዴት እንደሚሄዱ ትንሽ ላስረዳሽ። ይህን ካወቅሽ የልጅሽን እጅ ራስሽ ማንበብ ትችያለሽ፤ ሐኪም ፊት ስትቀርቢም የምትጠይቂው አይጠፋሽም።

እጃችንን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች የሚነሱት ከአንገት ነው። ከኅብለ ሰረሰር በቀኝም በግራም አምስት አምስት የነርቭ ሥሮች ይወጣሉ። አራቱ ከአንገት፣ አምስተኛው ከደረት መጀመሪያ ነው። ሐኪሞች ከላይ ወደ ታች ሲ5፣ ሲ6፣ ሲ7፣ ሲ8 እና ቲ1 ብለው ይጠሯቸዋል። እነዚህ ሥሮች በአንገት ጎን በጡንቻዎች መሃል ሾልከው ይወርዳሉ። ከአንገት ሥር ተጋድማ በምትታየው አጥንት በታች አልፈውም ብብት ይደርሳሉ። መንገድ ላይ ይገናኛሉ፣ ይለያያሉ፣ እንደገና ይጣመራሉ። ይህ መረብ ብራኪያል ፕሌክሰስ ይባላል። ብብት አጠገብ ሲደርስ አምስት ዋና ዋና ነርቮች ሆኖ ይከፋፈላል። አንዱ ትከሻን ያነሳል። አንዱ ክርንን ያጥፋል። አንዱ ክርንን ይዘረጋል፣ የእጅ አንጓንም ቀና ያደርጋል። የቀሩት ሁለቱ ደግሞ በተለይ የመጨበጥና የጣት ሥራ ላይ ናቸው።

አሁን ወደ ልጅሽ እንምጣ። የላይኞቹ ሥሮች፣ 5ኛውና 6ኛው (ሲ5 እና ሲ6)፣ ትከሻን ወደ ጎን ያነሳሉ፣ ክንድን ወደ ውጭ ያዞራሉ፣ ክርንን ያጥፋሉ፣ መዳፍን ወደ ላይ ይገለብጣሉ። እነዚህ ሲጎዱ እጅ አንቺ እንደገለጽሽው ይሆናል፦ ከጎን ተጣብቆ፣ ክርኑ ቀጥ ብሎ፣ መዳፉ ወደ ኋላ ዞሮ። 7ኛውም ከተነካ የእጅ አንጓ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ጣቶችን የሚያስጨብጡት የታችኞቹ ሁለቱ ናቸው። ልጅሽ ጣትሽን ጥብቅ አድርጋ ከያዘች የታችኞቹ ሥሮች እየሠሩ ነው ማለት ነው። የላይኛው ክፍል ብቻ ሲጎዳ የመዳን ዕድሉ መላው እጅ ከሚዝልበት ጉዳት እጅግ የተሻለ ነው። ይህን ከደብዳቤ ላይ ሆኜ እርግጠኛ ልሆን አልችልም፤ እጇን በአካል የሚመረምር ባለሙያ የግድ ያስፈልጋል። የገለጽሽው ሁሉ ግን ወደዚያ ያመለክታል።

የዚህ ጉዳት ስም ኤርብስ ፓልሲ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን እ.ኤ.አ. በ1872፣ ጀርመናዊው ቪልሄልም ኤርብ ደግሞ በ1874 ስለ እሱ ጽፈዋል። 5ኛውና 6ኛው ሥር የሚገናኙበት የአንገት ቦታ እስካሁን በኤርብ ስም ይጠራል። የታችኞቹ ሥሮች ጉዳት ደግሞ ክሉምፕኬ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1885 የገለጸችው ኦጉስታ ክሉምፕኬ የምትባል ሴት ናት፤ ሴት ልጅ ሐኪም መሆኗ ራሱ በሚያከራክርበት ዘመን።

እንዴት ሊደርስባት ቻለ? ጭንቅላቷ ሲወጣ የፊት ትከሻዋ ከዳሌሽ የፊተኛው አጥንት ኋላ ተቀረቀረ። ጭንቅላቱ ወጥቶ ትከሻው ሲቀር አንገትና ትከሻ ይራራቃሉ። ከአንገት ወደ ክንድ የተዘረጉት ነርቮች በዚያ መሃል ይወጠራሉ። ከሁሉም በላይ የሚወጠሩት የላይኞቹ ናቸው። በዓለም ላይ ከ1000 ሕፃናት ከ1 እስከ 3 የሚሆኑት ይህ ይደርስባቸዋል። ክብደቱ ከ4 ኪሎ በላይ የሆነ ልጅ፣ የእናት ስኳር በሽታ፣ በመሣሪያ የታገዘ ወሊድ ዕድሉን ከፍ ያደርጉታል። ይሁን እንጂ ትንሽ ልጅ ላይም፣ አልፎ አልፎም በኦፕራሲዮን በተወለደ ልጅ ላይም ያጋጥማል።

ስለዚህ «በደንብ ስላላማጥኩ ይሆን» ያልሽውን ከልብሽ አውጪው። የተቀረቀረ ትከሻ በእናት ማማጥ አይላቀቅም። እንዲያውም አዋላጆቹ በዚያ ሰዓት «አታምጪ» ብለውሽ ሊሆን ይችላል። አጥንቱ ሳይለቅ መግፋት ትከሻውን ይበልጥ ስለሚያጣብቀው ነው። ጉልበትሽን ወደ ሆድሽ ማጠፋቸውና አንዷ ከብልትሽ አጥንት በላይ መጫኗ ለዚህ አደጋ የሚደረግ ትክክለኛ ሥራ ነው። ትከሻ በተቀረቀረ ጊዜ ልጅ በቂ ኦክስጅን አያገኝም፤ ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ጩኸቱና ግርግሩ ለዚያ ነበር። ልጅሽን በሕይወት ያወጡልሽ እነዚያ እጆች ናቸው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። «በራሱ ይሻላታል» ብሎ ያለ ቀጠሮ ማሰናበት ልክ አይደለም። ቃሉ ራሱ ውሸት የለበትም፤ ብዙዎቹ ይሻላቸዋል። ግን መቼ? ካልተሻላትስ? እስከዚያው እናት ምን ታድርግ? እነዚህ ሳይነገሩ እናት ወደ ቤቷ ስትላክ ክፍተቱን ጎረቤትና ወጌሻ ይሞላዋል። በየቦታው የማየው ይህን ነው፤ ይቆጨኛልም። ሕፃናቱ የሚዘገዩት እናቶቻቸው ቸልተኛ ስለሆኑ አይደለም። ቀኑን የነገራቸው ሰው ስለሌለ ነው።

ስለዚህ ቀኑን እኔ ልንገርሽ።

ነርቭ ሲጎዳ ደረጃ አለው። የስልክ ቻርጀር ገመድ አስቢ። አንዳንዴ ውጪውም ውስጡም ደህና ሆኖ ለጊዜው ብቻ ይደነዝዛል፤ እንዲህ ያለው በቀናት ወይም በሳምንታት ይመለሳል። አንዳንዴ የውጪው ልባስ ሳይቀደድ የውስጡ ክር ይበጠሳል። ያኔ ነርቭ ከገመድ የሚበልጥበት ነገር አለ፦ በልባሱ ውስጥ እንደገና ያድጋል። ከነልባሱ ከተቆረጠ ወይም ከኅብለ ሰረሰሩ ከተነቀለ ግን በራሱ መንገዱን አያገኝም።

የሚያድገው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በወር 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ከልጅሽ አንገት እስከ ክንዷ ጡንቻ ያለው ርቀት ስንዝር አይሞላም። ግን በቀን 1 ሚሊ ሜትር ለሚሄድ ነገር ያ የወራት መንገድ ነው። ለዚህ ነው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለውጥ ባታዪ ተስፋ መቁረጥ የሌለብሽ። ለዚህም ነው ሦስተኛው ወር ትልቅ ቦታ የሚሰጠው።

ባለሙያዎች የሚመለከቱት ክርኗን ነው። አንድ ሕፃን በሁለት ወር ውስጥ ክርኑን ወደ ላይ ማጠፍ ከጀመረ አብዛኛውን ጊዜ እጁ ሙሉ በሙሉ ወይም ለሙሉ የቀረበ ይድናል። እስከ ሦስት ወር ካላጠፈ ጉዳቱ ከበድ ያለ ሊሆን ስለሚችል የነርቭ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግ እንደሆነ መመዘን ይጀመራል። ቀዶ ሕክምናው ካስፈለገ በአብዛኛው የሚደረገው ከ3 እስከ 9 ወር ባለው ዕድሜ ነው። ከእግር ላይ ለመለገስ የማያስቸግር የስሜት ነርቭ ተወስዶ የተቆረጠው ቦታ ይቀጠላል፤ ወይም ደህና ከሆነ ነርቭ ቅርንጫፍ ተጠልፎ ወደ ደካማው ጡንቻ ይላካል። ለዓመት ወይም ለዓመት ተኩል ነርቭ ያላገኘ ጡንቻ እየመነመነ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ነርቭ ቢደርስለትም ጥሩ አድርጎ አይሠራም። «ሲያድግ ይለቀዋል» እየተባለ ሦስት ዓመት የቆየ ልጅ ይዛ የምትመጣ እናት ሳይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። እጇ ይድናል? አብዛኞቹ ይድናሉ። ከ10 ሕፃናት ከ2 እስከ 3 በሚሆኑት ላይ ግን አንድ ዓይነት ድክመት ይቀራል፤ ከቀላል የትከሻ መድረቅ እስከ ከባድ ድክመት። ልጅሽ ከየትኞቹ እንደሆነች የሚነግርሽ የሚመጡት ሳምንታት ናቸው።

እነዚያን ሳምንታት ለመቁጠር የክትባት ካርዷን ተጠቀሚበት። የ6ኛው ሳምንት ክትባት አልፏል። ቀጣዮቹ 10ኛውና 14ኛው ሳምንት ላይ ናቸው። 14ኛው ሳምንት ሦስት ወር ትንሽ አለፍ ሲል ነው፤ ለእኛ ጉዳይ ልክ የተመቸ ቀን ነው። በየሳምንቱ፣ ጠግባና ነቅታ ባለችበት ሰዓት፣ ልብሷን አውልቀሽ በጀርባዋ አስተኛት። ግራ እጇን በቀስታ ያዥላትና ቀኝ መዳፏን አፏ አጠገብ ነካ ነካ አድርጊላት። ክርኗ ይታጠፋል? እጇ ወደ አፏ ይመጣል? በስልክሽ አንድ ደቂቃ ቅረጪው። ሐኪም ጋ ስትሄዱ ሕፃን ተኝታ ወይም አልቅሳ ምንም ላታሳይ ትችላለች። ያኔ ቪዲዮው ይናገርልሻል።

ይህን ስል እስከ 14ኛው ሳምንት ቤት ቁጭ በይ ማለቴ አይደለም። ሪፈር አሁን አስጽፊ። ደብረ ታቦር ያለው ሆስፒታል መጀመሪያ ሊያይሽ ይችላል። ከዚያ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ባሕር ዳር ይመራሻል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ (በእንቅስቃሴ የሚሰጥ ሕክምና) ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን ስለሆነ ሆስፒታሉ ውስጥ እነሱን ታገኛለሽ። የሕፃን ነርቭ የሚቀጥል ሐኪም በየሆስፒታሉ የለም፤ ቢያስፈልግ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳን ወደመሰለ ትልቅ ሪፈራል ሆስፒታል መላክ ሊኖር ይችላል። ወረፋው ጊዜ ይወስዳል። በሦስተኛው ወር መወሰን ያለበት ጉዳይ በሦስተኛው ወር ሪፈር ከተጀመረ ዘግይቷል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ ወረቀቱን ከጤና ጣቢያው ጀምረሽ በየደረጃው አስጽፊ፤ አለበለዚያ ወጪው እናንተ ላይ ይወድቃል።

ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያጣራው አጥንት ነው። በእንዲህ ያለ ወሊድ ከአንገት ሥር ያለችው አጥንት ወይም የክንድ አጥንት ሊሰበር ይችላል። በተለይ ሕፃኗ ሁለት ጊዜ ስለተሳበች ራጅ መነሳት ይኖርባታል። የወጌሻውን ነገር እንዳትደብቂ። «ይቆጡኛል» ብለሽ ከዘለልሽው ሐኪሙ ግማሽ ታሪክ ይዞ ነው የሚወስነው። ትከሻዋም በአልትራሳውንድ ቢታይ ጥሩ ነው፤ በዚህ ጉዳት የክንዷ አጥንት ቀስ በቀስ ከትከሻው ጉድጓድ ወደ ኋላ ሊንሸራተት ይችላል።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ነገሮችም አሉ። ትኩሳት ካላት፣ ትከሻዋ ወይም ክንዷ ካበጠና ስትነኪው አጥብቃ ካለቀሰች፣ ወይም መንቀሳቀስ ጀምሮ የነበረ እጅ ድንገት ካቆመ፣ በዚያው ዕለት ሆስፒታል። ያ የመገጣጠሚያ ወይም የአጥንት ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ትንፋሿ ከፈጠነ ወይም ስትጠባ የምትደክም ከሆነም እንዲሁ። ከነዚሁ ሥሮች አጠገብ የሚነሳ፣ የመተንፈሻን ጡንቻ የሚያዝ ነርቭ አለ፤ እሱም አብሮ ሊጎዳ ይችላል። የቀኝ ዓይኗ ቆብ ከግራው ዝቅ ብሎ፣ ብሌኗም ከግራው አንሶ ካየሽ ለሐኪሙ ንገሪው። የታችኞቹ ሥሮች ከምንጫቸው መነቀላቸውን የሚጠቁም ምልክት ነው።

አሁን ቤት ውስጥ ስለምትሠሪው። ይህ የአንቺ ድርሻ ነው፤ ከመድኃኒት አያንስም። ነርቩን አያፋጥነውም። ነርቩ እስኪደርስ ግን መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ ያደርጋል። ነርቩ በአራተኛው ወር ደርሶ ትከሻው ደርቆ ቢያገኘው ምን ዋጋ አለው?

በመጀመሪያ ራጁ ስብራት እንደሌለ ያረጋግጥ፤ ባለሙያውም እጅሽን ይዞ ያሳይሽ። ከዚያ ዳይፐር በቀየርሽ ቁጥር ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ዋናው እንቅስቃሴ ይህ ነው። በጀርባዋ አስተኛት። ሁለቱንም ክርኖቿን አጥፈሽ ከጎኗ፣ ከጎድን አጥንቷ ጋር አስጠጊ። ክርኖቹን ከጎኗ ሳትለይ፣ የሁለቱንም እጆች መዳፍ ቀስ አድርገሽ ወደ ውጭ፣ ወደ አልጋው አዙሪ። ግራው እስከምን እንደሚሄድ ይነግርሻል፤ ቀኙ እዚያ እንዳይጎድል ትጠብቂያለሽ። እስከ 10 ቆጥረሽ ልቀቂ። ትንሽ ደጋግሚው። በዚህ ጉዳት መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ ወደ ውጭ መዞር ነው። ሳምንት ከሳምንት እየጠበበ ከመጣ፣ ወይም ቀጭ የሚል ነገር ከተሰማሽ፣ ቀጠሮሽን አስቀድሚው።

ሌላው ማንሳት ነው። በአንድ እጅሽ ከጀርባዋ በኩል ያለውን ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት ደገፍ አድርገሽ ያዥ፣ በሌላው ክንዷን በጎን በኩል ቀስ እያልሽ ወደ ጆሮዋ አምጪ። ደግሞ ክርኗን አጥፈሽ መዳፏን ወደ ላይ ገልብጪ። የእጅ አንጓዋንና ጣቶቿንም ቀና አድርጊ። በሁሉም ላይ ደንቡ አንድ ነው፦ እጅሽ እምቢታ ሲሰማው ቁሚ። ካለቀሰች ቁሚ። መሳብ፣ መንጨት፣ «ትንሽ ትቻለው» የሚባል ነገር የለም።

ልብስ ስታለብሺ ቀኝ እጇን አስቀድሚ፤ ስታወልቂ የመጨረሻ አድርጊው። በብብቷ ይዘሽ አታንሻት፤ አንድ እጅሽ ከማጅራቷ፣ ሌላው ከመቀመጫዋ ሥር ይሁን። ገላዋን ስታጥቢያት፣ ስትጠቀልያት፣ ጡት ላይም ስታስተኚያት እጇ ወደ ኋላ ተንጠልጥሎ ወይም ከሥሯ ተጣጥፎ እንዳይቀር ተመልከቺ። ጡት ስትይዝ ያንን መዳፍ ገላሽ ላይ አሳርፊላት። ማዘሉን ለጊዜው ተይው፤ ጀርባሽ ላይ ሆና እጇ የት እንዳለ አታዪውም። ደረትሽ ላይ እቀፊያት። ነቅታ ሳለች በሆዷ አስተኝተሽ ሁለቱን ክንዶቿን ከደረቷ ሥር አምጪላት። በለስላሳ ጨርቅ፣ ደግሞ ሻከር ባለ ጨርቅ መዳፏንና ክንዷን ዳብሺላት። ሕፃን የማይሰማውን እጅ ይረሳዋል፤ አንቺ እንዳይረሳ ታደርጊያለሽ። የመሰማት ስሜቱ ደክሞ ሊሆን ስለሚችል ከሙቅ ውኃና ከምድጃ ጠብቂው።

ቅቤስ? ገላዋን በለዘብታ መቀባት አይጎዳትም። አንገቷንና ብብቷን በአውራ ጣት ማሸት ግን የለም። ጸበልም ውሰጃት፣ ማንም አይከለክልሽም። ብርድ እንዳያገኛት፣ እጇም ሳይደገፍ እንዳይቀር ብቻ ጠብቂ፤ የሆስፒታል ቀጠሮዋን ግን በእሱ አታሳልፊ።

የክትባቱን ነገር በአጭሩ፦ ክንዷ ላይ የተሰጣት የቲቢ ክትባት ነው። እሱ ቆዳው ውስጥ የምትገባ ጠብታ ናት፤ ነርቭ ጋ አትደርስም። በዚያ ላይ እጇ ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ አልተነሳም ብለሽኛል። የሚቀጥሉትን ክትባቶች እንዳታስቀሪ።

የአማትሽን ነገር አስቤበታለሁ። አትጋፈጫቸው። ወጌሻ ያመጡት የልጅ ልጃቸው እጅ አንጀታቸውን ስለበላው ነው። ያ ፍቅር ሥራ ፈልጎ ነው፤ ሥራ ስጪው። «እማዬ፣ ሐኪሙ አጥንቷ አልወለቀም፣ ከአንገቷ የሚወርደው ነርቭ ነው የተጎዳው ብሏል። መሳብ ይብስበታል። ግን በቀን ስንቴ የሚሠራ እንቅስቃሴ አለ፤ እኔ ብቻዬን አልችለውም» በያቸው። ከተቻለ ፊዚዮቴራፒው ጋ ይዘሻቸው ሂጂ፤ ባለሙያው ለእሳቸው ያሳያቸው። ሕፃን ማቀፍ የለመዱ እጆች ከአንቺ ቀድመው ይማሩታል።

እንዲህ ያለ ጭንቀት አዲስ አይደለም፤ ቤተ መንግሥትም ገብቶ ያውቃል። ከአፄ ምኒልክ ጋር እ.ኤ.አ. በ1905 የወዳጅነት ውል ያደረገችው ጀርመን ንጉሠ ነገሥት፣ ዳግማዊ ዊልሄልም፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1859 ሲወለድ በመቀመጫው መጥቶ የግራ እጁ ነርቮች ተጎዱ። በዘመኑ የታወቁት ሐኪሞች እንዲበረታ ብለው የሞተውን እጁን አሁን በታረደ ጥንቸል ሬሳ ውስጥ ይከቱለት ነበር። ደካማውን እንዲጠቀም ብለው ደህናውን እጁን ከሰውነቱ ጋር አስረው እንዲራመድ አደረጉት። ኤሌክትሪክም ሞከሩበት። እጁ አልዳነም፤ አድጎም ከቀኙ ያጠረ ሆኖ ቀረ። በፎቶ ላይ ጓንት ይዞ ወይም ሰይፉ ላይ አሳርፎ ይደብቀው ነበር። ይህን የማነሳው ልጁ ያየው ስቃይ ሁሉ ከመልካም ሐሳብ የመጣ ስለነበር ነው። የዚያን ጊዜ ሐኪሞች ነርቭ እንዴት እንደሚያድግ አያውቁም ነበር። እኛ እናውቃለን፤ ልጅሽን እየሳቡ ማስለቀስ አያስፈልግም።

ምናልባት በሦስተኛው ወር ክርኗ ባይታጠፍ፣ ወይም ቀዶ ሕክምናው ቢዘገይ፣ መንገዱ አልተዘጋም። በኋላ ዕድሜዋ ትከሻና ክንድ ላይ ጡንቻ ከቦታ ቦታ የሚዛወርበት ቀዶ ሕክምና አለ፤ ብዙ ልጆች በእሱ እጃቸውን ከፍ አድርገው ማንሳት ችለዋል። ግን ወደዚያ አሁን አትሩጪ።

ከመጓዝሽ በፊት ወደወለድሽበት ጤና ጣቢያ ጎራ በይ። የወሊድ ካርድሽን ቅጂ ጠይቂ፤ ትከሻዋ ስንት ደቂቃ እንደተያዘ፣ በመሣሪያ መታገዟና አለመታገዟ፣ ስትወለድ እንዴት እንደነበረች ይጻፍልሽ። ለጸብ ሳይሆን ለሚቀጥለው ሐኪም ነው። ያው ወረቀት ወደፊት ለሌላ ልጅ ብታስቢም ያስፈልግሻል። ትከሻ አንዴ የተቀረቀረባት እናት እንደገና የማጋጠሙ ዕድል ከሌላው ስለሚበልጥ፣ እርግዝናው እንደታወቀ ለሐኪሙ ትነግሪያለሽ፣ የስኳር ምርመራ ታደርጊያለሽ፣ የምትወልጂውም ኦፕራሲዮን ክፍል ባለው ሆስፒታል ይሆናል።

ለጉዞው የምትይዢው ይህን ነው፦ የወሊድ ካርድ፣ የክትባት ካርድ፣ የሪፈር ወረቀት፣ የመድን መታወቂያ፣ ቪዲዮዎቹ ያሉበት ስልክ። ሐኪሙን ሦስት ነገር ሳትጠይቂ እንዳትወጪ፦ የትኞቹ ሥሮች ተጎድተዋል? ክርኗን የምታዩበት ቀጣይ ቀን መቼ ነው? በዚያ ቀን ካልታጠፈ ወደ ማን ትልኩኛላችሁ? መልሱን ካርዷ ላይ ይጻፉልሽ።